የጎደሉት አርባ ሦስት ቀለበቶች

ኢዋናዛዋ፣ በአሥራ አንደኛው ወር በሃያኛው ቀን፣ 1992

የተከበሩ መምህርት ኩጋ ሺዙኤ፣

እንደምን ሰነበቱ? ናራ ገና በረዶ አልወረደባትም ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ተራራው ከወገቡ በላይ ነጥቷል። ለሁለት ደብዳቤዎችዎ ሳልመልስ ወር አለፈኝ። እጄ መዶሻ እንጂ ብዕር አልለመደም ብዬ ላመካኝ ነበር፤ ባለቤቴ ቶሜ ከኋላዬ ቆማ አነበበችና «ሰውዬ፣ ምን ያዞርሃል! ሰነፍኩ በልና ጨርስ» አለችኝ። ሰነፍኩ። ይቅር ይበሉኝ።

ጥናቱን የጠየቀው የመንደሩ ጉባኤ ነው ወይ ላሉት፣ አይደለም፤ አንድ ሰው ነው። ካኖ ኪንሳኩ ይባላል፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። የአምላካችንን ቤት ለማደስ ጣሪያውን አፍርሰን ትልቁን ተሸካሚ ግንድ ባወረድን በሳምንቱ፣ ስለ እርስዎ የተጻፈበትን ጋዜጣ በአራት አጥፎ ይዞልኝ መጣ። «እኚህ ሴት የእንጨት ቀለበት ቆጥረው ዛፉ የወደቀበትን ዓመት ይናገራሉ አሉ። ግንዱን ላክላቸው» አለኝ። የቤቱ ዋና አናጺ እኔ ነኝ፤ አባቴም ነበር፣ ከሱ በፊት የነበሩት አራቱም። ስለዚህ ነው ወደኔ የመጣው።

ምን እንደሚፈልግ ደግሞ ልንገርዎ። ያ ግንድ በአምላኩ ደጃፍ ቆሞ ከነበረው ከታላቁ ዝግባ የወጣ ነው። ከአያቶቻችን እንደሰማነው ዝግባውን የካኖ ቤት ሰው በድብቅ ቆረጠው፤ በዓመቱ ቀዝቃዛው የባሕር ነፋስ መጣ፣ ሩዙ ሳያፈራ ቀረ፣ ከሦስት ሰው አንዱ በረሃብ አለቀ። ከዚያ ወዲህ በበዓል ቀን አምላኩ በወሳንሳ ሲወጣ የካኖ ቤት ወንድ ትከሻውን አስገብቶ አያውቅም። ከኋላ ሆነው መንገድ ይጠርጋሉ። ኪንሳኩ ሰባ ዓመት ጠረገ። «ዛፉ የወደቀው ከረሃቡ በኋላ ከሆነ እኛ ንጹሕ ነን። ለአሥር እርምጃ ብቻ ትከሻዬን ባስገባ ይበቃኛል» ይላል። ነገሩ ይኸው ነው።

ቁራጩን ከግንዱ ጫፍ ቆርጬ በባቡር ልኬያለሁ። ለእርስዎ የሚሄድ እንጨት ነውና ከነጉድፉ መላኩ አሳፍሮኝ ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። መጥቼ በዓይኔ ልየው ያሉትን ግን በዚህ በረዶ እንዳይሞክሩት። መንገዱ እንኳን ለእንግዳ ለኛም አልሆነን።

ኦኖዴራ ቶራዞ


ናራ፣ በሁለተኛው ወር በአሥራ አራተኛው ቀን፣ 1993

ለተከበሩ አለቃ ኦኖዴራ፣

በረዶው እስከ መስኮት መድረሱን በሬዲዮ ሰማሁ። ጣሪያ ላይ ወጥተው ሲጠርጉ እንዳይወድቁ፤ ለወይዘሮ ቶሜም እንዲከለክሉዎ አደራ ብያለሁ በሉልኝ።

መልሱ ደርሷል። እንዴት እንዳገኘሁት ስለጠየቁኝ በአጭሩ ልንገርዎ። ዛፍ በዓመት አንድ ቀለበት ይጨምራል። የሙቀቱ ወራት ጥሩ ሲሆን ቀለበቱ ይሰፋል፣ ቀዝቃዛ ሲሆን ይቀጥናል። በአንድ አገር የበቀሉ ዛፎች ጥሩውንና ክፉውን ዓመት አብረው ያሳልፋሉና የስፋትና የቅጥነት ተራቸው ይመሳሰላል። እኔ የሰሜኑን አገር የስምንት መቶ ዓመት ተራ ከድሮ ቤቶችና ከረግረግ ከወጡ ጉቶዎች ሰብስቤያለሁ። የእርስዎን እንጨት በዚያ ላይ እያንሸራተትኩ የሚገጥምበትን ፈለግሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ገጠመ፣ ሌላ የትም አልገጠመም።

የመጨረሻው ቀለበት የ1782 ነው። ታላቁ ረሃብ በሰሜን የጀመረው በ1783 ነው።

ሳየው ከወንበሬ ዘለልኩ። በደስታ ነው፤ ለእርስዎ አልዋሽም። የአንድ መንደር አፈ ታሪክ ከእንጨትና ከረሃብ መዝገብ ጋር በአንድ ዓመት ልዩነት ሲገጥም በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አይቼ አላውቅም። በሚቀጥለው ወር በሚደረገው የባለሙያዎች ስብሰባ ላይ አቀርበዋለሁ። ከዚያ ሻዬን ቀድቼ ስቀመጥ ነው አቶ ካኖ ትዝ ያሉኝ። አፈርኩ። ሰውየው የላኩት ነጻ አውጡኝ ብለው ነበር።

ማኅተም ያለበትን ወረቀት ለመንደሩ ጉባኤ ሊቀመንበር አብሬ ልኬያለሁ። ለአቶ ካኖ እንዴት እንደሚነገራቸው አላውቅበትም፤ አለቃ፣ እርስዎ ጎረቤታቸው ነዎት፣ በሰው ፊት ከመነበቡ በፊት ለብቻቸው ቢነግሯቸው። እኔው መምጣት ነበረብኝ። በረዶው ነው እንዳልል ስብሰባው ነው ያስቀረኝ።

ኩጋ ሺዙኤ


ኢዋናዛዋ፣ በአራተኛው ወር በሃያ አምስተኛው ቀን፣ 1993

መምህርት፣

ጤና ይስጥልኝ። በረዶው ሄዷል። የፕለሙ አበባ ዘንድሮ ዘገየ። የአምላኩ ቤት አዲሱ ጣሪያ ግማሽ ደርሷል፤ አሮጌውን ግንድ ጫፉን ቀጥዬ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ፣ ጠንካራ ነው፣ ሌላ ሁለት መቶ ዓመት ይሸከማል። ቶሜ ጉልበቷን አሟታል። ለላኩላት የናራ ሻይ «እኔን ያከበረ ሰው ከስንት ዘመን በኋላ ተገኘ» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አሳየች፣ ለኔ ግን አልቀዳችልኝም።

ኪንሳኩ ምን አለ ብለው ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል፤ ሦስት ጊዜም ስለ አየሩ ጻፍኩልዎ። እሺ።

ለብቻው አልነገርኩትም። መንገር ነበረብኝ፣ አልነገርኩም። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን በጉባኤው ፊት አነበበ። ሲጨርስ «እንግዲህ ሳይንስም መሰከረ» አለ። የሱቋ ባለቤት «ለነገሩ እኛ መች ጠፍቶን! ወረቀት ማባከን» አለች። አንዳንዱ ሳቀ። ኪንሳኩ ከበሩ አጠገብ ነበር የተቀመጠው፣ የነሱ ቤት ቦታ ሁልጊዜ እዚያ ነው። ተነሣ፤ መሐል ምንጣፉ ላይ መጥቶ ተንበረከከና ግንባሩን መሬት አስነክቶ «ስለ አባቶቼ ይቅር በሉን» አለ። በሕይወቱ ያላየው ሰው ስላደረገው ነገር ማለት ነው፣ ያውም ከሁለት መቶ ዓመት በፊት።

እኔ እዚያ ነበርኩ። ምንም አላልኩም።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ቦታ አይመጣም። ቀድሞ ጠዋት ጠዋት መጥቶ ሚስማር ይለቅምልኝ ነበር። ደህና ነው ወይ ላሉኝ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ አትክልቱን ያርማል። ሰላምታዬን ይመልሳል። ከዚህ በላይ አልጠየቅኩትም።

ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር ባንጻጻፍ ደስ ይለኛል። በእርስዎ አዝኜ አይደለም።

ቶራዞ


ናራ፣ በሰባተኛው ወር በሃያ ዘጠነኛው ቀን፣ 1993

ለተከበሩ አለቃ ኦኖዴራ፣

ባንጻጻፍ ብለውኝ ነበር። ይቅርታ፣ እጽፋለሁ። ካልጻፍኩ እንቅልፍ የለኝም።

የሰሜኑን ወሬ በየቀኑ እሰማለሁ፤ ዝናቡ አላቆመም፣ የሙቀት መለኪያው ከአሥራ ስምንት አልወጣም ይላሉ። ሥራዬ የድሮ ብርድ መፈለግ ነው፤ የዛሬው ሲመጣ ግን ወረቀት ላይ እንደማየው አልሆነልኝም። ሩዛችሁ አበበ?

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለመጽሔት ፎቶ ለማንሣት ቁራጭዎን ከሳጥን አወጣሁት። ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። አለቃ፣ ይህን ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ዝግባ መሐሉ ቀይ፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ደግሞ ነጭ ነው። ነጩ ከሌለ የመጨረሻዎቹ ዓመታት የሉም ማለት ነው። ያየሁት ቀለበት የመጨረሻው ሳይሆን ከቀሩት ውስጥ የመጨረሻው ነው። ዛፉ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ኖረ ይሁን ሃምሳ፣ እንጨቱ አይነግረኝም።

ይህን ዛሬ ያወቅኩት ቢሆን ኖሮ ስህተት ነው እል ነበር። የመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ቁራጭ ይዘው ሲመጡ «ከ1782 ወዲህ፣ ስንት ዓመት እንደጎደለ አይታወቅም» ብላችሁ ጻፉ እላለሁ፤ ካልጻፉም እቆጣለሁ። እኔ ግን 1782 ከረሃቡ ጋር ሲገጥምልኝ ያቺን አንዲት መስመር ዘለልኳት። ስላማረልኝ ዘለልኳት። ስብሰባው ላይም አጨበጨቡልኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ማኅተም ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። አቶ ካኖ ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ያደረጉት በኔ ማኅተም ነው።

እባክዎ ይንገሩኝ። ግንዱ ሲወርድ በውጪ በኩል ነጭ እንጨት ነበረው? ከነበረው ምን ሆነ? ከድሮው ቤቱ ሲሠራ ተጠርቦ ከሆነም ይንገሩኝ፤ ያኔ ቢያንስ «አናውቅም» ብዬ እጽፍላቸዋለሁ። ለእሳቸው «አናውቅም» ማለት ራሱ ከሰጠኋቸው መልስ ይሻላል።

ኩጋ ሺዙኤ


ኢዋናዛዋ፣ በስምንተኛው ወር በሠላሳኛው ቀን፣ 1993

መምህርት፣

ሩዙ አበበ፣ አላፈራም። የባሕሩ ነፋስ፣ እኛ ያማሴ የምንለው፣ ከስድስተኛው ወር ጀምሮ ጭጋጉን እየነዳ ገብቶ አልወጣም። ቶሜ በዚህ ወር ጥጥ የተሞላበትን ልብሷን ለብሳ ዋለች። የሞላ ዛላ አንገቱን ይደፋል፤ የኛ ግን እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ውስጡ ባዶ ነዋ! ዛሬ በረሃብ የሚሞት የለም፣ መንግሥት ከውጭ አገር ሩዝ ያስገባል ይላሉ። ቶሜ «የሰው ሩዝ ከምበላ ድንች እበላለሁ» ትላለች። ስትራብ እናያታለን።

ሰው ግን ሰው ነው። በአንድ ጠዋት በኪንሳኩ ደጃፍ፣ ርኩስ ነገር እንደሚባረርበት ሁሉ፣ ጨው ተበትኖ ተገኘ። ማን እንደበተነው አይታወቅም፣ ወይም ሁላችንም እናውቃለን። ሱቅ ሲገባ ወሬ ይቆማል። «በአባቱ ወንጀል ተናዘዘ፣ አምላክ ሰማ፣ ይኸው ፍርዱ» ያለም አለ። ወንጀሉን ከመናዘዙ በፊትማ አምላክ ደህና አብልቶን ነበር ማለት ነው? ሞኝነት ነው። ግን ሞኝነቱን የሚሠሩበት የእርስዎን ወረቀት ይዘው ነው። ልጁ ከሰንዳይ መጥታ «አባዬ፣ በቃህ፣ እንሂድ» አለችው። «በዓሉን ልጥረግና እሄዳለሁ» አላት። በዓሉ በአሥረኛው ወር በአሥራ አምስተኛው ቀን ነው።

ለጠየቁኝ መልሱ ይኸው። ነጭ እንጨት ነበረው። አራት ጣት ውፍረት ይሆናል። ግንዱ ቅርፊቱ ብቻ ተልጦ ክብ እንደሆነ ነው የተሠራው። ነጩን በመጋዝ የገፈፍኩት እኔ ነኝ። ነቀዝ በልቶታል፣ ሲነኩት ይረግፋል፤ እንዲህ ያለ እንጨት ለተማረ ሰው መላክ በኛ ሙያ ነውር ነው። አባቴ ቢያይ በመጋዙ ጀርባ ይለኝ ነበር። ስለዚህ ቀይ ቀዩን፣ ደህና ደህናውን አስቀርቼ በመላጊያ አሰማምሬ ላክሁልዎ። ለክብርዎ ብዬ ነው።

የአምላክ ቤት እንጨት አይጣልም፣ ምድጃም አይገባም። የገፈፍኩትን በጨርቅ ጠቅልዬ በቤቴ ባለው የአምላክ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው ነበር። አሁን ልኬዋለሁ። ቢረግፍም ይዩት።

ቶራዞ


ናራ፣ በዘጠነኛው ወር በሃያኛው ቀን፣ 1993

ለተከበሩ አለቃ ኦኖዴራ፣

ጥቅሉን በፈታሁ ሰዓት ሌላ ሥራ ሁሉ ተውኩ። ነቀዝ ቢበላውም ቀለበቶቹ አሉ። በሙጫ አጠንክሬ፣ በምላጭ ልጬ፣ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ምንም ሳልነግራት እንድትቆጥር አደረግሁ። አርባ ሦስት ናቸው። ከቀዩ ጋር ሳጋጥመው ያለ አንዳች ክፍተት ይቀጥላል። የመጨረሻው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነው፤ ከዚህ በኋላ የጎደለ የለም። ዛፉ የተቆረጠው በ1825 ማብቂያ፣ በበረዶው ወራት ነው።

ታላቁ ረሃብ ሲመጣ ዝግባው ቆሞ ነበር፣ አለቃ! ረሃቡን በሕይወት አልፎታል። የ1783ቱን ቀለበት በማጉያ አየሁት፤ ከክር አይወፍርም። የተከተሉት ዓመታትም ክፉ ናቸው። ከዚያ ቀስ እያለ ያገግማል። ብርዱ የመጣው ዛፉ እንደቆመ ነው፤ ከወደቀ በኋላም መጥቷል፣ ዘንድሮም መጣ። ከመንደራችሁ መጥረቢያ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ለሊቀመንበሩ የጻፍኩትን ደብዳቤ አብሬ ልኬልዎታለሁ። ስህተቱ የኔ ነው ይላል። ቁራጩ ጎዶሎ መሆኑን አይቼ ሳልናገር መቅረቴን፣ የመጀመሪያው ወረቀት መሰረዙን፣ የካኖ ቤት በታላቁ ረሃብ ስም ሊከሰስ እንደማይችል ይናገራል። የእርስዎ መጋዝ አልተጠቀሰም። መጠቀስም የለበትም፤ እርስዎ ለክብሬ ብለው አደረጉት፣ እኔ ለክብሬ ብዬ ዝም አልኩ፣ የኔው ይከፋል። ከበዓሉ በፊት ይነበብ። እባክዎ ዛሬ ነገ አይበሉ።

አንድ ነገር ብቻ። የላኩት እንጨት አንዱ ጫፉ ጠቁሯል፣ ዓመት ያህል ጨርቅ ውስጥ የቆየ ነው። ሌላኛው ጫፉ ግን ትኩስ ነው፤ የመጋዙ ዱቄት ገና አልረገፈም። ሰሞኑን ነው የተቆረጠው። ለሥራዬ የላኩት ይበቃኛል፣ ሌላ አያስፈልገኝም። ባይመልሱልኝም አልቀየምም። ግን ልጠይቅዎት፤ የቀረው የት አለ?

ኩጋ ሺዙኤ


ኢዋናዛዋ፣ በአሥረኛው ወር በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ 1993

መምህርት፣

ደብዳቤዎን ለሊቀመንበሩ አልሰጠሁትም። ይኸው መልሼልዎታለሁ። ስለኔ ሲሉ ራስዎን የከሰሱበት ወረቀት ነው፤ እሱን ይዤ በሰው ፊት ብቆም መሬት ትዋጠኝ። ሌላ ይጻፉ። የራስዎን ጥፋት ይጻፉበት፣ ያ የእርስዎ ነው። ቀጥለው ደግሞ «ኦኖዴራ ቶራዞ ገዝግዞ አስቀረው» ብለው ይጻፉ። ስሜን ከነቤቴ።

ነቀዙ እውነት ነው። ነውሩም እውነት ነው። ግን ያልኩት ሁሉ ቢደመር እውነት አይሆንም። የግንዱ ጫፍ ምሰሶው ውስጥ ገብቶ የሚሸሸግበት ቦታ አለ፤ ቤቱ ካልፈረሰ ማንም አያየውም። ግንዱን ልናወርድ ላይ ወጥቼ ስፈታው ነጩ እንጨት ላይ የቀለም ጽሑፍ አገኘሁ። «ቡንሴይ ስምንተኛ ዓመት። የአምላኩ ዝግባ በሃያ ስድስት ቤቶች ፈቃድ ተቆረጠ። ካኖ አልፈቀደም። አናጺ ኦኖዴራ ማታጎሮ።» ቡንሴይ ስምንት በዛሬው አቆጣጠር የእርስዎው 1825 ነው።

ማታጎሮ የቅድመ አያቴ አባት ነው። በቤታችን የሚነገረው «ማታጎሮ ዛፉን አቅፎ አለቀሰ፣ ካኖ ግን ቆረጠው» ነው። እኔም ለሴት ልጆቼ እንዲያ ብዬ ነግሬያለሁ። ለካ እንጨቱን የፈለገው እሱ ራሱ ኖሯል፤ የተቃወመውም ካኖ ብቻ። ከስምንት ዓመት በኋላ ሌላ ረሃብ መጣ፤ ሃያ ስድስት ቤት ራሱን ከሚወቅስ እምቢ ያለውን አንዱን መውቀስ ቀለለው መሰለኝ። በኋላ ሁለቱ ረሃቦች በሰው አፍ አንድ ሆኑ። ይህን ሁሉ መሰላሉ ላይ ቆሜ አላሰብኩትም። ያሰብኩት ስማችንን ነው።

ኪንሳኩ ወደ እርስዎ ላክ ሲለኝ ደስ አለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እኚህ ሴት ከቀዩ ብቻ ዓመቱን ያገኙታል፣ እሱም ነጻ ይወጣል፣ ማታጎሮም አይዋረድም፣ እኔም አፌን አልከፍትም ብዬ አሰብኩ። ነጩን ከነጽሑፉ ገፍፌ ቀዩን ብቻ የላክሁልዎ ለዚህ ነው። የእርስዎ ሥራ ከቀረው ላይ እንጂ ከተቆረጠው ላይ እንደማያነብ አላወቅኩም። ከዚያ 1782 ብለው ላኩ። ሐሰት መሆኑን በዚያ ጉባኤ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ተቀምጬ አዳመጥኩ። በስምንተኛው ወርም ጽሑፉ ያለበትን ግማሽ ቆርጬ ባዶውን ላክሁ። አይጥም እንደዚህ አይሸሽግም።

በዚህ ወር በስድስተኛው ቀን ጉባኤ ጠራሁ። ለቶሜ ቀድሜ ነገርኳት፤ ተነሥታ ሳጥኑን ከፈተች። ከዚያ «ኮትህን ልበስ፣ በሥራ ልብስ የሚነገር አይደለም» አለችኝ። እንጨቱን በሰው ፊት ፈትቼ ጽሑፉን አነበብኩ፣ የእርስዎንም አርባ ሦስት ቀለበት ነገርኳቸው። ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ሊቀመንበሩ «አለቃ፣ ምነው? አንተን እኮ አምነን ነው» አለኝ፣ ይኸው ብቻ። የአናጺነቱን ኃላፊነት እዚያው አስረከብኩ። የሱቋ ባለቤት አለቀሰች፤ ጨው የሸጠችው እሷ ነበረች።

የመንደሩ ሰዎች ነጩን የተሸካሚዎች ልብስ ይዘው ወደ ኪንሳኩ ቤት ሄዱ። ተቀበላቸው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ከፊት፣ ከቀኝ በኩል ትከሻውን አስገባ። አሥር እርምጃ አልነበረም፣ ሰባት ነው፤ ጉልበቱ ከዳውና ደግፈው አወጡት። ይስቅ ነበር። «ቀላል ይመስለኝ ነበር እኮ! ሁለት መቶ ዓመት ስትሸከሙ አንድም ሰው ከባድ ነው ብሎ አልነገረን» አላቸው። እኔ ዘንድሮ መንገድ ጠረግሁ። ማንም ጥረግ አላለኝም፣ ማንም ተው አላለኝም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ኪንሳኩ አስጠራኝ። ልጁ ዕቃ ታሥር ነበር፤ ዛሬ ወደ ሰንዳይ ይዛው ሄዳለች። ሻይና በጨው የተዘፈዘፈ ራዲሽ አቀረበልኝ። ይቅር በለኝ ለማለት ስንበረከክ «ተነሥ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል» አለኝ። ተቀመጥኩ።

«ቶራዞ፣ ያን ቀን ከሥር ሆኜ መሰላሉን የያዝኩልህ እኔ ነኝ» አለ። «ላይ ብዙ ቆየህ። ከንፈርህ ይንቀሳቀስ ነበር። ባዶ እንጨት ሲያይ ሰው ከንፈሩን አያንቀሳቅስም። ስትወርድ ደግሞ ፊቴን አላየህም። ነገ ይነግረኛል አልኩ። ሳምንት ጠበቅኩህ። ከዚያ ጋዜጣውን ይዤልህ መጣሁ፤ ቶራዞን ከማሳፍረው እንጨቱ ራሱ ይናገር ብዬ።»

«ታዲያ ሐሰት መሆኑን እየጠረጠርክ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን ሰገድክ?» አልኩት።

«ትናገራለህ ብዬ ነዋ! ይሄንንስ ቁጭ ብሎ አያይም አልኩ። ግንባሬን ምንጣፉ ላይ አድርጌ ድምፅህን ጠበቅኩ፣ ለዚያ ነው ቶሎ ያልተነሣሁት። ኋላ ካንተ በኩል ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። መጣ፣ ይኸው ሊናገር ነው አልኩ።»

ሻዩን ሞላልኝ።

«ሳል ኖሯል» አለኝ።

ኦኖዴራ ቶራዞ